ሳይጠረግ የቀረው የጠመኔ መስመር

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት? የእጅዎ መንቀጥቀጥስ? እማዬስ፣ ወንድሜስ፣ የጓሮው ሎሚስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ለሁለት ደብዳቤዎቼ መልስ ስላጣሁ ይኼ ሦስተኛው ከፊተኞቹ ይልቅ ደፈር ብሏል፤ ይታገሱት።

አንድ የተዘጋ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን እንሠራለን። ሽቦ የምንለው ልጅ ለታክሲ የተሰለፈ ሰው በሽቦ ይሠራል። ልብስ ሰፊዋ ጓደኛችን ሰፈሯን በቁርጥራጭ ጨርቅ ትሰፋለች፣ የፈረሱትን ቤቶች ሳይቀር። እኔ በጠዋት አውቶቡስ እንቅልፍ የጣላቸውን ሰዎች እስላለሁ። መስኮቱ ትንፋሽ ይለብስና የመንገዱ መብራት እላዩ ላይ ይሟሟል። ነርሷ በግንበኛው ትከሻ፣ ግንበኛው በተማሪዋ ቦርሳ ተደግፈው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሕልም የሚካፈሉ ይመስለኛል። አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው አንቀላፍቼ ሁለት ፌርማታ አልፌ እወርዳለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። «ይሄ ሥራ አይደለም፤ ከአባቴ ተማርኩት ብለሽ ስሜን እንዳታነሺ» ያሉኝ ቀን የታፔላ መጻፊያ ሲባጎዎን ሰርቄ ነው ከቤት የወጣሁት። ያንን፣ ሰማያዊ ጠመኔ ቀብተን፣ ጫፉን እኔ ይዤልዎ፣ መሐሉን ሳብ አድርገው ሲለቁት ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚጥለውን። ወንድሜ ጣለው ተብሎ ሳምንት ሙሉ ቁጣ እንደ ቀመሰ ሰምቻለሁ።

የአውቶቡሱን ሥዕል ስጀምርም አንዱን ጫፍ ሚስማር ላይ አስሬ መስመሩን ጣልኩና የተኙትን ራሶች በእሱ ልክ ደረደርኩ። ታፔላ ጸሐፊ ሲጨርስ መስመሩን በጨርቅ ይጠርጋል፤ እኔ ረሳሁት። ያየሁት ቅዳሜ ትርኢታችንን ከፍተን ሰው ሲገባ ነው። ጨርቅ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ሰዉ ግን መስመሩ ፊት እየቆመ ንቅንቅ አልል አለ። አንዱ የተኙትን ያስተሳሰረ ክር ነው አለ፣ ሌላዋ አድማስ ነው አለች። ሽቦም «ፈላስፋ አድርገውሻልና ዝም በይ» ብሎ ጠቀሰኝ። አንዲት አሮጊት መምህርት ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን መዋሸት አቃተኝ።

«የአባቴ መስመር ነው፤ መጥረግ ረስቼው ነው» አልኳት።

ስቃ ስታበቃ እንዳልጠርገው መከረችኝ፤ አልጠረግኩትም። አታንሺ ያሉኝን ስም በሰው ፊት አነሳሁ፤ ቢቆጡኝም መልሼ አነሳዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ቸግሮናል፤ በራችን ታፔላ የለውም። ጓደኞቼ ኮምፒውተር ቤት እናሳትመው ሲሉ አባቴ እስኪመጣ ትንሽ ታገሱኝ አልኳቸው። «እጄ ይንቀጠቀጣል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይንቀጥቀጥ፤ አውቶቡሱም እየተንቀጠቀጠ ነው ሰውን የሚያደርሰው።

እማዬን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ። ወንድሜን የበላኸው ቁጣ የእህትህ ነበር ብለው ይካሱልኝ። ለጎረቤታችን ለአናጢውም ሰላምታዬ ይድረስ። ሲባጎውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። ይዘውት ይምጡ፤ ጫፉን ሚስማር ከሚይዘው እኔ ልያዝልዎ።

ልጅዎ

ከማተሚያ ቤቱ፣ ታፔላ ከሌለው በር ሥር
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን