የማያፈራው ዛፍ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ባባራ በሦስተኛው ቀን

ልጄ፣ ዓይኔ፣

እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም እንደዚህ ሳምንት ደህና ሆኜ አላውቅም፤ አጎትሽ ትናንት ደጄ ላይ ቆሞ እንባውን አፈሰሰው!

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘራቸውን ከጫካ አምጥቶ ያሳደጋቸውን ዘጠኝ ዛፎች ወንድሙ እንዴት እንዳካፈለኝ አልነገርኩሽም፤ በሰው አገር እንዳትብሰለሰዪ ብዬ ነው። ለቅሶው ሳይወጣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ የሚያፈሩትን ስምንቱን ወደ ራሱ አጥር አስገባ። የማያፈራውን አንዱን ለኔ ተወው። "ለባልቴት አበባ ይበቃታል" ብሎ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁላቸው፤ ጥርስ ባዳ ነው።

አጎትሽ ዕድሜ ልኩን ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ ዛፉን የሚያውቀው ፍሬው በሳህን ሲቀርብለት ብቻ ነው። ያ የማያፈራው ወንዴው እንደሆነ፣ ንቦቹ ከሱ አበባ ወደ ሴቴዎቹ ካልሄዱ አንዷም ፍሬ እንደማትይዝ የት ያውቃል! ጫካው ተመንጥሮ ስላለቀ ደግሞ በአካባቢው ሌላ ወንዴ የለም። ልነግረው እችል ነበር። ለምን ብዬ?

ሊያብብ ሲል ቆረጥኩት። መጋዙን ያዋሰኝ ማን መሰለሽ? ራሱ አጎትሽ! "እሰይ፣ ለዛፎቼ ፀሐይ ይገባላቸዋል" ብሎ በአንዱ ጫፍ ይዞ አብሮኝ ጎተተ። ግንዱ ሲወድቅ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስምንቱ ሴቴዎች አበቡ፣ አበባቸውን አራገፉ፣ በቃ። በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሲረጭ ከረመ። ትናንት አንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ እውነቱን ነገረውና እየሮጠ መጣ።

"እያወቅሽ ነው?" አለኝ።

"አበባው ይበቃታል ያልከው አንተ አይደለህ? የራሴን አበባ ቆረጥኩ፤ ያንተን ምን ነካሁ?"

"የወንድሜን ልፋት ገደልሽው!" አለኝ። ጉድ እኮ ነው፣ እሱ ይበለኝ? በሩን ዘጋሁበት። ነገም ቢሆን ደግሜ እቆርጠዋለሁ።

ስለ ላክሽልኝ መልእክት ደግሞ፣ "እማ፣ እርግዝናው ነው መሰለኝ የአባባ ፍሬ አማረኝ፤ አድርቀሽ በመንገደኛ ላኪልኝ" ብለሻል። ማሰሮውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የአባትሽን የካፖርት ኪስ ሳይቀር ፈተሽኩ። የደረቀ እንኳ አንድ አጣሁ። ዘንድሮ አልያዘም ልልሽ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሌላ ነገር ቢያምርሽ ምናለ፣ ልጄ?

የያዝሽውን በሰላም ይገላግልሽ። መልኩ የአባትሽ ይሁን፤ ልቡም የአባትሽ።

እናትሽ