ፖስታው ውስጥ የቀረው ቴምብር

ይድረስ ለወንድሜ፤ ቦምቤይ።

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። የቤታችን ጎሽ ወልዳለች፣ ስንዴውም ዘንድሮ ያምራል። አባባ ግን ደክመዋል።

የሲክ እምነታችንን ትተህ፣ ጸጉርህን ተቆርጠህ ጥምጥምህን ከጣልክ አምስት ዓመት ሆነህ። አባባ «እግሩ ይቺን ደጃፍ እንዳይረግጥ» ያሉትን አልረሳኸውም፤ እኔም አልረሳሁም። ቢሆንም ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርሰው ድረስ እንዳትቀደው፣ እኔ ልሙትልህ።

ባለፈው ኅዳር መንግሥት ለባባጂ መታሰቢያ ቴምብር አወጣላቸው። አዎ፣ ለኛው ባባጂ፣ ለሃይማኖት አባታችን፣ አባባን ፊደል ላስቆጠሯቸው፤ ከነነጭ ጢማቸው ቁጭ ብለውበታል። አባባ በከዘራ እየተደገፉ ከተማ ወርደው ሁለት ገዙና ግንባራቸውን አስነክተው በመሐረብ ቋጠሩ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለዚያ ልጅ ልጽፍለት ነው።» ክው አልኩ።

ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉ። ጣጣው የመጣው ኋላ ነው። ቴምብሩን በምላስ አርጥበው ይለጥፉት ብላቸው፣ «በባባጂ ላይ ምራቄን? አብደሻል?» ብለው ለማጣበቂያ ሊጥ አስበጠበጡኝ። ፖስታ ቤት ስንደርስ ጸሐፊው ቢሻምባር ያንን ጥቁር ማኅተሙን ሲያነሳ ደግሞ፣ «ዳሩን ምታ እንጂ ፊታቸውን እንዳትነካ!» ብለው ጮኹ። «ጌታዬ ሰርዳርጂ፣ ቴምብር ሊመታ አይደል እንዴ የተሠራው? ባባጂ አይቀየሙኝም» ቢላቸው፣ «እጅህ ይሰበር!» ብለው ደብዳቤውን ነጥቀውት ወጡ።

ቤት ገብተው ቴምብሩን በእንፋሎት አላቀቁና ፖስታው ውስጥ፣ ደብዳቤው ላይ ለጠፉት። «ዋጋው እንደሆነ ተከፍሏል፤ ውስጥ ሆነ ውጭ ምን ለየው?» አሉ። እንደማይሆን አውቄ ነበር። ቁጣቸውን ፈራሁና ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። «ቴምብር የለውም፤ ተቀባዩ ከፍሎ አልወስድም ብሏል» ተብሎ ተጽፎበታል። ከማን እንደሆነ አላየህ ይሆናል። ወይም አይተህ ... ተወው፣ አልጠይቅህም። አባባ ግን «ልጄ አልፈለገኝም» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እህል አልቀምስ አሉ።

አራት ቀን ቻልኩት። በአምስተኛው ፈነዳሁ። «ልጅዎ ምን አደረገ? ጉዱ ቴምብሩ ነው! እያየሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ!» አልኳቸው። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አለቀሱ።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው። የተመለሰውን ደብዳቤ እንደታሸገ እዚህ ውስጥ ከትቼልሃለሁ፤ ምን እንዳለበት አልነገሩኝም። ለዚህኛው ፖስታ ከመሐረባቸው ሁለተኛውን የባባጂ ቴምብር አወጡና፣ ሊጡን ላምጣ ስል እጄን ያዙኝ። በገዛ ምላሳቸው አርጥበው ለጠፉት። «ነገ ደግፊኝና እንሂድ። ቢሻምባርን መሃሉን ምታው እለዋለሁ። ባባጂ ልጅ ከቤቱ የሚገባ ከሆነ ዱላም ይችላሉ» አሉ።

እንግዲህ ፖስታውን ገልብጠህ እየው፤ ማኅተሙ የት እንዳረፈ። አልጋቸውን ወደ በሩ አዙሪልኝ ብለውኝ አዙሬዋለሁ። እባክህ አትዘግይ።

ባባጂ መንገድህን ያቅኑልህ፤ ክፉ አይንካህ።

ደጃፉን በየማለዳው የምትጠርገው፣
ታላቅ እህትህ