ዳማከሴ ያልመለሰው ትኩሳት

ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለወለተ ኪዳን፣

በሰው አገር ያለሽውን ልጄን አምላከ ቅዱሳን ይጠብቅልኝ። እኔና እናትሽ በሕይወት አለን። ገብሱ ታጭዷል፤ ባቄላውን ግን ውርጭ በላው። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የባለሱቁ የአብዱራህማን ልጅ ሀጀራ ናት፤ ለሥራ ጅዳ መምጣቷ ነው።

ልጅሽን ትሕትናን በመስቀል ማግስት አተኮሳት። ራሷን ይዛ፣ "አባባ፣ ፀሐዩን ጋርዱልኝ" አለችኝ። እናትሽ ምች ነው ብላ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፈች። አንቺንም ወንድሞችሽንም ያዳነችበት ቅጠል ነው። በእጇ አሽታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት፤ ጭማቂውን ጠብ አድርጋ አጠጣቻት፤ በቀረው ገላዋን አሸቻት። ልጅቱ ላብ በላብ ሆና ተኛች። እሰይ አልን።

ሲነጋ አንገቷ አልታጠፍ አለ። ጤና ኬላው ተዘግቷል። የደብረ ማርቆስ መንገድም በተኩሱ ምክንያት ሰው አያሳልፍም። እናትሽ ሌላ ምን ታድርግ? ቁጥቋጦው እርቃኑን እስኪቀር ቀጠፈችው። መንገዱ ሲከፈት በቃሬዛ ይዘናት ወረድን።

ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለን። እናትሽ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ቅጠሉ ነው የጎዳት ልጄ? እኔ ነኝ?"

"የለም እናቴ" ብሎ አነሣት። "እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ዳማከሴ እታጠናለሁ። በየዩኒቨርሲቲው ለመድኃኒትነት የሚመራመሩበትም አሉ። ይህ በሽታ ግን መርፌ ይፈልጋል፤ ያውም በጊዜው።"

ይህች "በጊዜው" የምትል ቃል እናትሽን እንቅልፍ ነሥታታለች። ባለፈው ጎረቤት ለልጇ ዳማከሴ ብትለምናት፣ "እኔ መድኃኒት አላውቅም" ብላ መለሰቻት። ስትደውዪ አደራ፣ ስለ ቅጠሉ አታንሺባት።

ትሕትና ተርፋለች። ትበላለች፤ ትጫወታለች። ነገር ግን ልጄ፣ አትሰማም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሥር አቁሜ አስደወልኩት፤ ዞር አላለችም። ሐኪሙ ጆሮዋ አይመለስም ብሎናል።

ከሆስፒታል እንደወጣን የደወልሽ ጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጌላት ነበር። ትንሽ ጠብቃ፣ "አባባ፣ እማዬ ለምን ዝም አለችኝ? ተቆጥታኝ ነው?" አለች። እንዳትሰሚ ብዬ ነጥቄ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ "ተኝታለች" የምንልሽ ለዚህ ነው።

ፊትሽ በደንብ የሚታይበት ፎቶ ላኪላት። ሣቅ ብለሽ ተነሺ።

ኪዳነ ምሕረት ዕንባሽን ታብስልሽ። ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

አባትሽ
ቄስ አካለ ወልድ