«ከሥራ» የምትለዋን ቃል ለቆረጡት ኃላፊ

ለተከበሩ የተዋሃደው ዜና ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ፣ ወንበርዎና ጠረጴዛዎ ላይ የተደረደሩት ሦስት ስክሪኖች እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ሥር ባስገባው ይቀለኝ ነበር፤ ሆኖም ዜና ለሁሉም በአንድ ጊዜ መድረስ አለበት ብለው ስላሠለጠኑን በመመገቢያ አዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሥልጠናው ላመስግንዎት። ሠላሳ አራት ዓመት በሬዲዮ ዜና የኖርሁ፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሰው፣ በስድስት ቀን ውስጥ ካሜራ ፊት መቆምና ለድረ ገጽ ርዕስ ማውጣት እንድማር አድርገዋል። ግንባሬ እንዳያበራ ዱቄት ሲቀቡኝ እንኳ ሳልነቃነቅ ተቀምጫለሁ። አንድ ዜና አንዴ ይጻፋል፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በድረ ገጽ ሦስት ቦታ ይውላል ብለውናል፤ እኔም አምኜ ጻፍሁ። አሁን ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በስልክ ለሚያነብ ይመቻል ብለውናልና።

፩. የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነርስ አገልግሎቷን የፈጸመች ዕለት ዜናውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሬዲዮም «ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገሉት አዋላጅ ነርስ ከሥራ አረፉ» ብዬ አነበብሁ። «ጡረታ ወጡ» አልልም፤ ሰው እንደ አሮጌ ወንበር ከቤት አይወጣም፤ ይህን ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ያውቃል። ርዕሱ በስልክ ስክሪን ላይ አልገባ ሲል ግን እርስዎ በገዛ ጣትዎ «ከሥራ» የምትለዋን አነሷት፤ በድረ ገጹም «አንጋፋዋ አዋላጅ ነርስ አረፉ» ተብሎ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቴሌቪዥኑ ከድረ ገጹ ወስዶ በስክሪኑ ግርጌ በሚሮጠው ጽሑፍ አስተላለፈው። የመዋሃድን ጥቅም ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ነርሷን ሁለት ቦታ ገደልናት፤ በሕይወት የቆየችው በሬዲዮ ብቻ ነው።

፪. ያዋለደቻቸው እናቶች እያለቀሱ በሯን ሲያንኳኩ የከፈተችላቸው ራሷ ናት፤ ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ የሳሙና አረፋ ነበረው። የእናቷ ስልክ በደዋይ ብዛት አልገባ ያላት ልጇ አውቶቡስ ተሳፍራ አራት ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች መጣች። በማግስቱ ነርሷ ደወለችልኝና ይህን ብቻ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እኔን ከመግደልዎ በፊት ምናለ ቢደውሉልኝ?»

ቤተሰብ ጋ ሳይደወል ሰው ሞተ አይባልም የሚለውን ደንብ እዚህ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎም ጀማሪ ሪፖርተር ሳሉ እንዲህ ያለውን የመጀመሪያ ጥሪ የደወሉት ከእኔ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ሲዘጉ «ጋሼ፣ ይህን እስክሞት አልረሳውም» አሉኝ። ከሰላምታዬ ሁሉ ጤናዎን ያስቀደምሁት በዚህ ምክንያት ነው።

፫. ስለ ስህተቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ ቃሏን ማን እንዳነሳት ሲጠየቅ እስክሪብቶዎን ሲያገላብጡ ቆዩ። እኔ ፊትዎን እያየሁ ጠበቅሁ፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልሁ ነበር። በማግስቱ «ግለሰቡ የድረ ገጽ አጻጻፍ ሥልጠናውን በአግባቡ ባለመረዳቱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለበት። ከጋሼነት ወደ ግለሰብነት ስላሳደጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፬. ይህኛው አጭር ነው። ርዕሱ ከድረ ገጹ ጠፋ እንጂ ማስተካከያ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አምኜ እስከ ዓርብ ካልፈረምሁ ማይክሮፎን ፊት እንደማልቀመጥም ገልጸውልኛል። ትናንት እንድፈርምበት የሰጡኝን ወረቀት በኪሴ ይዤ ወደ ነርሷ ቤት ሄድሁ፤ ዜናውን «ከሥራ» ከምትለዋ ቃል ጋር ደጃፏ ላይ ቆሜ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ያገለገለችው ሠላሳ ስምንት ሳይሆን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እንደሆነ ነገረችኝ። ልጇ ግን እጄን አልጨበጠችም፤ እናቷን የገደልሁት እኔ እንደሆንሁ ከመሥሪያ ቤታችን ደውለው ነግረዋታልና። የአንዱ ዓመት ስህተት የእኔ ነው፤ እርሱን አምኜ በዚህ ደብዳቤ ላይ ፈርሜያለሁ። የእርስዎን ወረቀት ሳልፈርም መልሻለሁ።

አንድም ቃል ሳይጎድል፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ግለሰቡ

ማሳሰቢያ፦ ሐሰት ፈርሜ ማይክሮፎን ፊት ከምቀመጥ መሄድን ስለመረጥሁ ከዓርብ ጀምሮ ከሥራ አርፌያለሁ። ዜናውን በድረ ገጹ ሲያወጡት ርዕሱ ከረዘመብዎ ስሜን ይቁረጡት፤ ያቺን ቃል ግን አይንኩብኝ። ከማውጣትዎም በፊት ይደውሉልኝ፤ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፤ አነሳለሁ።