ባለቤቴ ባሕርዎን በእግሯ ስለመንካቷ

ለተከበሩ የከተማው ከንቲባ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቢሮዎ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞረ መሆኑን ከከተማዎ በገዛሁት ፖስታ ካርድ ላይ ስላየሁ፣ ነፋሱ እንዳይመታዎ፣ ጉንፋን እንዳይይዝዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ለሦስት ቀን እንግዳዎ ነበርን። ላያስታውሱን ይችላሉ፤ አጥሩ ሥር ቆመን የነበርነው ነን።

የመጣንበትን ጉዳይ ላስረዳ። ስንጋባ ለባለቤቴ "ዓመት ሳይሞላን ባሕር አሳይሻለሁ" ብያት ነበር። ያ ዓመት ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀ። በመሃል ልጅ መጣ፣ ከልጁ ጋር ጉንፋኑ መጣ፣ ደግሞ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። እሷ አንድም ቀን አልጨቀጨቀችኝም፤ ሰው ፊት ብቻ "እሱ እኮ ባሕር ሊያሳየኝ ነው ያገባኝ" እያለች ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን ያውቀዋል። ዘንድሮ ትልቋ ልጃችን "አባዬ፣ እማዬን ይዘሃት ሂድ፣ ቤቱን ለኔ ተወው" ስትለኝ ተነሣን። የባለቤቴ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ባሕር ውስጥ መንከር። ለዚህ ሦስት ቀን ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ።

ሥራዬ ሆኖብኝ ያየሁትን ሁሉ በተራ ቁጥር የመመዝገብ አመል አለብኝ። እነሆ፦

1. የተሰጠን "ባሕር የሚያይ ክፍል" ነበር። ክፍሉስ ያያል፤ ያላየነው እኛ ነን። ብቸኛው መስኮት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ባልዲ ገልብጬ ባለቤቴን አቆምኳትና "ምን ይታይሻል?" አልኳት። "የታጠበ አንሶላ" አለች። "ከአንሶላው ጀርባስ?" "ሌላ አንሶላ።" እንግዳ ተቀባይዋን ብንጠይቃት "ነፋስ ሲነሣ ገለጥ ይልና ይታያል፣ አባቴ" አለችን። ነፋስ ስንጠብቅ አንድ ጠዋት ሄደ። በነፋሱ ማዘጋጃ ቤቱን አልወቅስም።

2. ከዚያ በእግራችን ወጣን። ከአንዱ ሆቴል አጥር ወደ ሌላው ሆቴል አጥር ስንሄድ ባሕሩን ሰማነው፣ ሸተተን፣ ጨዉንም ከንፈራችን ላይ ቀመስነው። ይህን ሁሉ ሳይከለክሉ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። በየበሩ ያለው ጥበቃ ጥያቄው አንድ ነው፤ "የማን እንግዳ ናችሁ?" አራተኛው በር ላይ ባለቤቴ መረራትና "የባሕሩ" አለችው። ሰውየው የምሩን ዝርዝሩን ገልጦ ፈለገ። "በዚህ ስም የተመዘገበ የለም፣ እናቴ" አላት።

3. "ወደ ሕዝብ መግቢያ" የሚል ቀስት አገኘን። ቀስቱን ተከተልን። ቀስቱ ወደ ሌላ ቀስት፣ ያም ወደ ሌላ እየመራ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከማዘጋጃ ቤትዎ የመኪና ማቆሚያ ጀርባ አደረሰን። በር አለ። በሩ ላይ "ለእድሳት ተዘግቷል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ይላል። ቁልፉ ዝጓል፤ ከጽሑፉም ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። እሷ እንዴት እንደተፈቀደላት አልጠየቅኩም።

እዚያ ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እያሸች "በቃ ተወው። ለልጆቹ ነክቻለሁ እላቸዋለሁ፤ አላሳጣህም" አለችኝ። ክቡር ከንቲባ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

4. በሦስተኛው ቀን አውቶቡሳችን ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። አራት ሰዓት ላይ ከትልቁ ሆቴል አጥር ሥር ቆሜ፣ አራተኛውን ቅሬታ ልጽፍ እስክሪብቶና ወረቀቴን አወጣሁ። "4" ብዬ ነጥብ ከማድረጌ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"ጌታዬ፣ ከማዘጋጃ ቤት ነዎት?"

እኔ መዋሸት አላውቅበትም። አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ሥራ ላይ ነው፤ አታናግረው!"

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሰውየው ከኋላችን እየተከተለ "አጥሩን ያጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ እባክዎ በኔ ስም አይጻፉብኝ" ይለኛል። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ከዚያ ዞራ "ሃያ ሦስት ዓመት ያስጠበቅከኝ ለዚህ ብርድ ነው?" ብላ ጮኸች፤ እየሳቀች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

"አንተም ና እንጂ!" አለችኝ። መሄድ አልቻልኩም። ጥበቃው ያየኛል፤ ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ የሚገባ ተቆጣጣሪ የት አለ? እስክሪብቶዬን ይዤ ደረቁ አሸዋ ላይ ቆምኩ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ በሁለት እጇ ውሃ ዘግና መጣችና ግራ ጫማዬ ላይ አፍስሳ "ይሄንንም መዝግብ፣ ጌታው" አለችኝ።

መዝግቤያለሁ። አራተኛው ቅሬታዬ ግን ባዶ ቀርቷል፤ ውሃው ወረቀቴ ላይም ተረጭቶ "4"ን አጥፍቶታል።

ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ያልከፈተልንን በር የማዘጋጃ ቤትዎ ስም በጥርጣሬ ብቻ ስለከፈተልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እጅ እነሣለሁ።

የግራ ጫማው ገና ያልደረቀለት እንግዳዎ

ተጨማሪ፦ ጥበቃው ስንሰናበት "እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት ሰው ሲመጣ ገና እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት" አለኝ። ሳላውቀው ሥራዎን ሠርቼልዎታለሁና የቆጠራ ውጤቱን አቀርባለሁ፤ ባሕሩ በቦታው ተገኝቷል፣ ጎድሎ የተገኘው መግቢያው ነው።