የታንጉት አፍና የበጉ ወዝ

ሰኞ

«የበግ ስብ ነው የምትሸጥላችሁ!» አለች አሉ ታንጉት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ፣ ያውም በሁዳዴ። ሱቋ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። እሷም ቅባት ትሸጣለች፤ የፀዳን መንደር ያዳረሰው ግን የእኔ ክሬም ነው። የምቀኝነቷ ሥር ይኸው ነው። ዛሬ አንድ ሰው አልገዛኝም። እንዲህ ከከረመ ሱቄን እዘጋለሁ። ላሳያት! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ላሳያት።

ማክሰኞ

ሁለት ሴቶች መጡ፤ ለማስረዳት ሞከርሁ። ክሬሙ ውስጥ ያለው ላኖሊን ይባላል፤ ስብ ሳይሆን የበግ ፀጉር ወዝ ነው። በጉ ይሸለታል እንጂ አይታረድም፤ ፀጉሩ ሲታጠብ ወዙ ይወጣል። ጥሬው ይጣበቃል፣ በግ በግ ይሸታል፣ ውኃ አይወድም። ፋብሪካ ባሕርዩን ሲለውጠው ግን ከውኃ ጋር ይስማማል፤ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ የቆዳም እርጥበት እንዳያመልጥ ይይዛል። መዳፌ ላይ ውኃ ጠብ አድርጌ አሸሁት፤ ነጣ ብሎ ጠፋ።

«ሸጋ ነው» አለች አንዷ። «ግን ከንፈር ላይ ይቀባል፤ ቢላስስ?»

ሄዱ። ታንጉት ከበሯ ሆና ፈገግ አለች። ደሜ ፈላ።

ረቡዕ

የበቀል ሐሳቦቼ፦ ደጃፏ ላይ እጣቢ መድፋት (ልጅነት ነው)። ቅባቷ ከአሳማ ነው ብሎ ማስወራት (ውሸት ነው፣ ግን ይጣፍጣል)። እናቴ ሰምታ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። ሳሌን እንደያዝሁ ወጣሁ።

የንስሐ አባቴ ሲያልፉ በታንጉት በር ላይ አስቆምኋቸው፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «የበግ ፀጉር ወዝ ጾም ያፈርሳል?» ስል ጠየቅሁ። አባ በርኖሳቸውን ሳብ አድርገው፣ «ይኸስ የበግ ፀጉር አይደለም? ለብሸው ስጾም ኖርሁ እኮ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ታንጉት ወደ ውስጥ ገባች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ በሁዳዴ!

ዓርብ

ታንጉት ራሷ መጣች! እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቋል። «አንድ ስጪኝ፣ በፌስታል አድርጊልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ፌስታል አልቋል» አልኋት። ከኋላዬ ተከምሯል። መንደሩ እያየ ክሬሜን በእጇ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ዛሬ የምተኛው እንቅልፍ!

ሰኞ፣ በሳምንቱ

ታንጉት መደርደሪያ ላይ የእኔው ክሬም ተደርድሯል። ለካ የክሬሙን ዕቃ ይዛ ለእኔ የሚያመጣልኝ አከፋፋይ ዘንድ ሄዳለች። ሴቶቹ ከበዋት፣ የለሰለሰ እጇን እያሳየች፣ «ስብ አይደለም፣ ወዝ ነው፤ በጉ አይታረድም፤ አባም ፈቅደውታል» ትላለች። ቃል በቃል የእኔን! ዋጋም ቀንሳለች።

አንዷን ደንበኛዬን ምነው ብላት፣ «እሷ እንኳ በእጇ ይዛው ስናይ አመንን» አለችኝ።

ምነው ያን ፌስታል በሰጠኋት! እናቴ ጸሎትሽን አድርሺ ትለኛለች። ሳሌ ገና አልለቀቀኝም።