ለጉልበቱ የላክኸው ኪኒን

ልጄ ሆይ፣ ጤናህ ይጠበቅ፤ የያዝኸው ሁሉ ይከናወንልህ።

ብዕር ያነሣሁት በአባትህ ጨጓራ ጉዳይ ከአንተ በቀር የሚረዳኝ ስለሌለ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰገራው ጠቁሮ ሐኪም ቤት ወሰድሁት፤ የጨጓራው ቁስል ደምቷል። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ የሚወደው ነጩ ሽሮፕ ማቃጠሉን ለጊዜው ያበርዳል፤ ቁስሉን የሚያሽረው ግን አሲድ የሚቀንሰው እንክብል ነው። ይሁን እንጂ አንተ ለጉልበቱ የላክኸውን ማስታገሻ ካላቆመ እንክብሉም አያድነውም፤ ጨጓራውን ያቆሰለው ማስታገሻው ነውና።

«ተው እንጂ ሰውዬ!» ስለው፣ «ልጄ የላከልኝን አልጥልም፤ አንቺ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው?» ይለኛል። ጉልበቱን ከተሻለው ቆይቷል፤ የሚውጠው አንተ ስለላክኸው ነው።

ዳግመኛ ይደማል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በስልክ ብትነግረው እኔ ያስጠናሁህ ይመስለዋል። ስለዚህ፣ ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመውና፣ እንዲያቆም በገዛ እጅህ ጽፈህ እሑድ ወደዚህ በምትመለሰው አክስትህ እጅ ላክለት።

እናትህ